ፊሊፒንስ ውስጥ ሴክስ ቴራፒስቱ ለምን ቀድሞ አስተማሪ ይሆናል?

ፊሊፒንስ ውስጥ ስለ ወሲብ በአደባባይ የሚያወሩ ባለሙያዎች በጣም ጥቂት ናቸው፣ ያሉት ግን አገር ያውቃቸዋል። ትልልቆቹ ዶክተር ማርጂ ሆምስን ያውቃሉ፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ናቸው፣ ለረጅም አመታት የአንባቢ ደብዳቤ እየተቀበሉ ስለ ትዳር፣ ስለ ወሲብ፣ ስለ ቅናት ምናምን ሲመልሱ የኖሩ ሴት ናቸው፣ በኋላም ራፕለር በሚባለው የኦንላይን ሚድያ ላይ ከባለቤታቸው ከጄረሚ ቤየር ጋር ሆነው አንዱን ጥያቄ እሳቸውም እሱም በየበኩላቸው የሚመልሱበት አምድ ነበራቸው። ወጣቶቹ ደግሞ ሪካ ክሩዝን ያውቃሉ፣ እሷም ላይሰንስ ያላት ሳይኮሎጂስት እና ሴክስ ቴራፒስት ናት፣ ፖድካስት ትሰራለች፣ ቲቪ ላይ ትቀርባለች፣ አንፕሩድ የሚባል የወሲብ ጤና ፕላትፎርም መስርታለች።

የሁለቱ የስራ ጉዞ በትውልድ ቢለያይም መልኩ ግን አንድ ነው፣ ሳይኮሎጂ ይማራሉ፣ ቢሮ ከፍተው ሰው ማየት ይጀምራሉ፣ ከዛ ቢሮው አልበቃ ይልና ጋዜጣ ወይ ማይክ ላይ ይወጣሉ። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ዝና ፈልገው ነው ይላል። እኔ ግን ነገሩን በደንብ ሳየው አገሩ ነው ወደዛ የሚገፋቸው ባይ ነኝ። ትምህርት ቤት ያላስተማረውን፣ ቤተሰብ ያላወራውን፣ ህጉ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን የያዘውን ነገር በመጨረሻ የሚሸከመው ቴራፒስቱ ነው፣ ለዛ ነው ቴራፒስት ሆኖ የተመረቀ ሰው አብዛኛውን እድሜውን መሰረታዊ ነገር ሲያስተምር የሚያሳልፈው።

መጀመሪያ ስራው ራሱ ምን እንደሆነ ግልፅ ይሁን፣ ምክንያቱም ሴክስ ቴራፒ ሲባል ሰው የማይሆን ነገር ያስባል። ቢሮው ውስጥ ልብስ የሚያወልቅ የለም፣ የሚነካካ የለም፣ ወሬ ነው። ቁጭ ብሎ ማውራት። ስራው ዛሬ የያዘውን መልክ የያዘው በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እዚህ ፅሁፍ ላይ ያሉት አመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ እና ጆንሰን በሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነው፣ እነሱ ያመጡትና እስካሁን አለም ላይ የሚሰራበት አንድ ዘዴ አለ፣ ሴንሴት ፎከስ ይባላል። ችግር ያለባቸው ባልና ሚስት ሲመጡ መጀመሪያ የሚነገራቸው ነገር ለተወሰነ ሳምንት ግንኙነት እንዳያደርጉ ነው! ቤታቸው ሄደው በተራ በተራ እጅ፣ ጀርባ፣ ፀጉር፣ እግር መንካት ብቻ፣ ጡትና ብልት አይነካም፣ ነኪው ምን እንደተሰማው ያስተውላል፣ ተነኪው ደግሞ የማይመቸውን ይናገራል። ከዛ ቀስ እያለ ይጨመራል። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው አልጋ ላይ የሚወድቀው ፈተና የሚፈተን ስለሚመስለው ነው፣ ዛሬስ ይሳካልኝ ይሆን እያለ፣ ፈተናው ሲነሳለት ሰውነቱ ራሱ ይመለሳል።

ሌላ ምሳሌ ቫጂኒስመስ ነው፣ ሴቷ ፈልጋም እንኳ የብልቷ ጡንቻ በራሱ ጊዜ ጭምድድ ይልና ግንኙነት ማድረግ አይቻልም ወይም በጣም ያማል። እንደዚ ሆነው አመታት የቆዩ ባለትዳሮች አሉ፣ ሚስት እኔ ጎዶሎ ነኝ ትላለች፣ ባል አትወደኝም ይላል፣ ማንም ጋ አልሄዱም። ህክምናው ግን አለ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ፣ ብልት ውስጥ የሚገቡ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄዱ ማስለመጃ እቃዎች፣ የዳሌ ጡንቻ ፊዚዮቴራፒ፣ ከጎኑ ደግሞ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ማውራት። ብዙዎች ይድናሉ። የሚያሳዝነው ነገር ስም ያለው በሽታ መሆኑን ሳያውቁ ስንት አመት ማለፉ ነው።

እዚህ ጋ ስለ ሙያው አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በ1976 ጃክ አነን የሚባል ሳይኮሎጂስት የወሲብ ችግር አያያዝን በአራት ደረጃ ከፈለው። አንደኛው ፈቃድ መስጠት ነው፣ ማለትም ስለዚህ ነገር መጠየቅህ ነውር አይደለም፣ የተሰማህም ነገር ጤነኛ ነው ማለት። ሁለተኛው ትንሽ ትክክለኛ መረጃ መስጠት፣ ሶስተኛው ለሰውየው ችግር የሚሆን የተለየ ምክር፣ አራተኛው ደግሞ ዋናው ቴራፒ። አብዛኛው ሰው አራተኛው ጋ ሳይደርስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ችግሩ ይቀልለታል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በፍፁም የስፔሻሊስት ስራ አይደሉም፣ የባዮሎጂ መምህርና የጤና ጣቢያ ነርስ የሚሰሯቸው ናቸው። የማኒላ ቴራፒስት ቀኑን የሚያሳልፈው ግን እነሱ ላይ ነው፣ ማይክ ላይ ሲወጣም የሚሰራው እነሱኑ ለብዙ ሰው ባንዴ ነው።

ለምን እንደዚ ሆነ? የ2020ው ቆጠራ እንደሚለው ከፊሊፒንስ ህዝብ ወደ 79 በመቶው ካቶሊክ ነው። ግን ሃይማኖተኛ ስለሆኑ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ ካቶሊክ የሆኑ ሌሎች አገሮችም አሉ። የፊሊፒንስ ልዩ ነገር ፖለቲካው ነው። በ1986 ፕሬዝዳንት ማርኮስ (የአሁኑ ፕሬዝዳንት ማርኮስ አባት) ሲወድቅ የማኒላው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሃይሜ ሲን በሬድዮ ህዝቡን ወደ ኤድሳ ጎዳና ጠርተው ነበር፣ ህዝቡም ወጣ፣ ታንክ ፊት ቆመ። ከዛ በኋላ የመጣ ፖለቲከኛ ሁሉ ቤተክርስቲያኗ ሰው ማስወጣት እንደምትችል ያውቃል። የ1987ቱ ህገ መንግስት ውስጥም መንግስት የእናቲቱንና የፅንሱን ህይወት ከተፀነሰበት ጊዜ ጀምሮ እኩል ይጠብቃል የሚል ገባ። ይቺ አንቀፅ ከዛ በኋላ በእያንዳንዱ የወሊድ መከላከያ ክርክር ላይ ትመዘዛለች።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሁዋን ፍላቪየር ኮንዶምን በግልፅ ሲያስተዋውቁ ከቤተክርስቲያን ጋር ፊት ለፊት ተጋጩ፣ በ1994 ከተባበሩት መንግስታት የካይሮ የስነ ህዝብ ጉባኤ በፊት ማኒላ ሉኔታ ፓርክ ውስጥ ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ ተደረገ። በ2000 ደግሞ የማኒላ ከንቲባ ሊቶ አቲየንሳ ያወጡት ትእዛዝ የከተማው ጤና ጣቢያዎች ፒልስም ሎፕም ኮንዶምም እንዳይሰጡ አደረገ፣ ከኪሷ መግዛት የማትችል የቶንዶ (የማኒላ ደሃ ሰፈር ነው) እናት ምን ታድርግ? በ2015 የተባበሩት መንግስታት የሴቶች መብት ኮሚቴ ይሄን መርምሮ ከባድና ስልታዊ የመብት ጥሰት ተፈፅሟል ብሏል። ድንገተኛ መከላከያውም፣ እኛ አገር ልጆች ፖስት ፒል እያሉ ፋርማሲ የሚገዙት አይነት ማለት ነው፣ እዛ ፖስቲኖር በሚል ስም ገብቶ ነበር፣ በ2001 ፅንስ ያስወርዳል ተብሎ ከመዝገብ ተሰረዘ። መድሃኒቱ ግን የሚሰራው በዋናነት እንቁላል እንዳይለቀቅ በማድረግ ነው፣ የተፀነሰ ነገር አያስወርድም።

የስነ ተዋልዶ ጤና ህጉ ከአስር አመት በላይ ፓርላማ ውስጥ ሲንከባለል ቆይቶ ዲሴምበር 2012 ላይ በፕሬዝዳንት ኖይኖይ አኪኖ ተፈረመ። ወዲያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አገደው፣ ኤፕሪል 2014 ላይ ህጉ በጥቅሉ ህገ መንግስታዊ ነው ብሎ ግን ስምንት ነገሮችን ቆርጦ ጣለ። አንዱን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ህጉ እድሜዋ ከ18 በታች የሆነች ልጅ መከላከያ ለማግኘት የወላጅ የፅሁፍ ፈቃድ ያስፈልጋታል ይላል፣ ነገር ግን አንዴ የወለደች ወይ ፅንስ የወረደባት ከሆነች ያለ ፈቃድ ታግኝ የሚል ልዩ ሁኔታ ነበረው፣ ፍርድ ቤቱ ያቺን ሰረዛት። ስለዚህ የ16 አመት ልጅ ህፃን ታቅፋ የመንግስት ጤና ጣቢያ ብትሄድ ሁለተኛውን እንዳታረግዝ እናቷ መፈረም አለባት።

በዛው ጊዜ ደግሞ ለወሲብ ፈቃድ መስጫ እድሜው ስንት ነበር? 12! ከ1930 ጀምሮ ባለው የወንጀል ህግ ማለት ነው። ወደ 16 ከፍ ያለው ማርች 2022 ላይ ነው፣ እድሜያቸው ለሚቀራረብ ልጆች ብቻ የሶስት አመት ልዩነት ድረስ ልዩ ሁኔታ ተቀምጦ። ማለት ለዘጠና አመት ህጉ አንዲትን የ12 አመት ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ተስማምታለች ማለት ይችል ነበር፣ እስከ 18 ድረስ ግን ፒልስ ለመውሰድ አልደረሽም ይላታል። ይሄን ሳነብ ተናድጄ ነው ያነበብኩት፣ አሁንም ስፅፈው ያናድደኛል። የፊሊፒንስ መንግስት ስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት እንደመዘገበው እድሜያቸው ከ15 በታች ከሆኑ ልጆች የተወለዱ ህፃናት በ2021 2,320 ነበሩ፣ በ2022 3,135 ሆኑ። ከ15 በታች ናቸው እኮ፣ የስድስተኛ የሰባተኛ ክፍል ልጆች።

ከዛ በኋላም አላበቃም፣ በ2015 ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ በፍርድ ቤት ታገደ፣ ለሁለት አመት ከምናምን መንግስት ገዝቶ ያስቀመጠው እቃ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ፣ የመድሃኒት ባለስልጣኑ 51 ምርቶችን አንድ ባንድ አይቶ ፅንስ አያስወርዱም ካለ በኋላ ኖቬምበር 2017 ላይ ነው እገዳው የተነሳው።

ትምህርት ቤትስ? ህጉ ከ10 እስከ 19 አመት ላሉ ልጆች እድሜያቸውን የሚመጥን ትምህርት ይሰጥ ይላል፣ ትምህርት ሚኒስቴሩም በ2018 መመሪያ አውጥቷል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ግን የወሲብ ትምህርቱ ራሱን የቻለ ሰብጀክት አይደለም፣ ሳይንስ፣ ጤና፣ የስነ ምግባር ትምህርት ውስጥ ተበትኖ ነው የሚሰጠው፣ እንደዚ ሲሆን ደግሞ የሚያፍር መምህር በቀላሉ ይዘለዋል፣ ተማሪውም አይጠይቅም። ከዛ ልጁ ስልኩን ያወጣና ከፖርን ይማራል፣ ወይ ደግሞ እድለኛ ከሆነ ሪካ ክሩዝን ያገኛታል።

ሌላው ትልቁ የዘርፉ ችግር ላይሰንስ ነው። ፊሊፒንስ የሳይኮሎጂስቶች ህግ ያወጣችው በ2010 ነው፣ ከዛ በኋላ ሳይኮሎጂስት ነኝ ለማለት የመንግስት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሴክስ ቴራፒስት ለሚለው ግን የተለየ ላይሰንስ የለም። ስለዚህ ሳይኮሎጂስት ወይ ሃኪም ሆኖ በተጨማሪ ውጭ አገር ወይ ኦንላይን የሰለጠነ ሰውም አለ፣ ምንም ሳይማር ቲክቶክ ላይ ሴክስ ኮች ነኝ የሚልም አለ፣ ተመልካቹ በምን ይለያቸው? እነ ክሩዝ በየመድረኩ ላይሰንስ ያለኝ ሳይኮሎጂስት ነኝ ብለው መጀመራቸው ጉራ የሚመስለው ሰው ይኖራል፣ በኔ እይታ ግን ሰዉን ከአጭበርባሪ የሚጠብቀው ብቸኛው ነገር እሱ ነው። አንድ የማይመቸኝ ነገር አለ ግን፣ አስተማሪነትና ሽያጭ ሲቀላቀል። ባለሙያዋ ስለ ሴት እርካታ አስተምራ እዛው እቃ ስትሸጥ ምክሩ የቱ ጋ አልቆ ማስታወቂያው የቱ ጋ እንደጀመረ መለየት ያቅታል። ገቢ ከየት ይምጣ ቢባል መልስ የለኝም፣ መንግስት አይከፍላት፣ ኢንሹራንስም ይሄን አይነት ህክምና እምብዛም አይሸፍንም። ቢሆንም ችግሩ አለ።

አሁን ወደ ትዳር እንምጣ፣ ምክንያቱም ፊሊፒንስ ውስጥ ሴክስ ቴራፒን ከሌላ አገር የሚለየው ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ከቫቲካን ሌላ አለም ላይ ፍቺ የማይፈቅድ አገር ፊሊፒንስ ብቻ ናት፣ ሙስሊሞቹ ብቻ ከ1977 ጀምሮ በራሳቸው የቤተሰብ ህግ መፋታት ይችላሉ። ሌላው ሰው ያለው መንገድ ትዳሩ ከመጀመሪያውም አልነበረም ብሎ ማስፈረስ ነው፣ ለዛ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ህጉ አንቀፅ 36 ነው፣ ሳይኮሎጂካል ብቃት ማጣት የሚለው። ፍርድ ቤት ጠበቃም ሳይኮሎጂስትም ተከፍሎ አንደኛው ወገን ለትዳር ብቁ የማያደርገው ችግር እንዳለበት ሪፖርት ይቀርባል፣ አመታት ይፈጃል፣ ገንዘቡም የደሃ አይደለም። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄ የህግ ጉዳይ እንጂ የህክምና ጉዳይ አይደለም፣ የባለሙያ ምስክርነት የግድ አይደለም ብሎ ትንሽ አቅልሎታል። የፍቺ ህግ ረቂቁም ሜይ 2024 በታችኛው ምክር ቤት አለፈ፣ ሴኔት ላይ ሞተ።

እና አስቡት፣ መለያየት የማይችሉ ሁለት ሰዎች ቴራፒስት ፊት ተቀምጠዋል። ሌላ አገር ቢሆን አንዱ ሊሄድ እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ፣ እዛ ግን ህጉ በሩን ዘግቶታል። አንዳንዱ ጥንድ በዚህ ምክንያት የእውነት ይለፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አብሮ እየኖረ በውስጡ ተለያይቶ ዝም ይላል፣ ውጭ ሌላ ቤተሰብ የሚያደርግም አለ። ቴራፒስቱ ስለ ጥቃትም መጠየቅ አለበት፣ የምትደበደብ ሴት ጋ ሄዶ ስለ ፍላጎት መቀነስ ማውራት ጉዳት ነው፣ ፍላጎቷ መጥፋቱ ሰውነቷ ራሱን እየጠበቀ ነውና።

ከዛ ደግሞ ስደት አለ። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት እንደሚለው በኮንትራት ውጭ አገር የሚሰሩ ፊሊፒናውያን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ሴቶች፣ ብዙዎቹ ሳውዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታር። ቤሩት ወይ ሪያድ የሰራች የኛ አገር ልጅ ታውቃቸዋለች፣ አንድ ህንፃ ላይ አብረዋት የሚሰሩ ናቸው። ባል እዛ ሚስት እዚህ፣ ሁለት አመት በቪድዮ ኮል፣ ከዛ የአንድ ወር ረፍት። በዛ አንድ ወር ውስጥ ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ይሁን ብለው ይጠብቃሉ፣ አይሆንም፣ ሰውነት እንግዳ ይሆናል፣ ሰውየው ይጨነቃል፣ ሴቷ ትርቃለች፣ ጥርጣሬ ይገባል። እዚህ ላይ ቴራፒስት ሊረዳ የሚችለው ብዙ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ዝግ ማለት የተለመደ ነው፣ መጀመሪያ ተለማመዱ፣ አውሩ ማለት ብቻ ስንቱን ትዳር ባተረፈ። ይሄ ለኛም ቤት የሚሰራ ነገር ነው፣ ስንት ባለትዳር በአረብ አገር ስራ ተለያይቶ እንደሚኖር እናውቃለን።

የቅርቡ ነገር ደግሞ የ2025ቱ ነው። ሴናተር ሪሳ ሆንቲቬሮስ የታዳጊዎችን እርግዝና ለመከላከል ያቀረቡት ረቂቅ ህግ ነበር፣ የትምህርት ቤቱን የወሲብ ትምህርት የሚያጠናክር፣ ልጆች የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ የሚያደርግ። ጃንዋሪ ላይ የቀድሞዋ ዋና ዳኛ ማሪያ ሉርደስ ሴሬኖ ያሉበት ቡድን ዘመቻ ከፈተበት፣ ህፃናትን ማስተርቤሽን ሊያስተምሩ ነው የሚል ወሬ አገሩን ሞላው። ረቂቁ ውስጥ እንዲህ አይነት ነገር አልተፃፈም፣ አለም አቀፍ ደረጃዎችን የሚጠቅስ ሀረግ ነበረው፣ ከዛ ተነስተው ሌላ አገር መመሪያ ላይ ያለውን ሁሉ ህጉ ላይ ለጠፉበት። ፕሬዝዳንት ማርኮስ መጀመሪያ ይደግፉ ነበር፣ ከዛ ይሄ ህግ ከመጣ እቃወመዋለሁ፣ አልፈርምም አሉ፣ ፈርመው የነበሩ በርካታ ሴናተሮችም ስማቸውን አነሱ። ሆንቲቬሮስ ሀረጉን አውጥተው ትምህርቱን ከ10 አመት በላይ አድርገው አስተካክለው ቢያመጡም ነገሩ ቀዘቀዘ። ወላጆቹን እኔ አልፈርድባቸውም፣ ልጄን ምን ሊያስተምሩብኝ ነው ብሎ መፍራት የወላጅ ወግ ነው፣ የምፈርደው ረቂቁን እያወቁ ያስፈራሯቸው ላይ ነው።

በዛው አመት የኤችአይቪው ቁጥር መጣ። ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2025 ብቻ 5,101 አዲስ ኬዝ ተመዘገበ፣ በቀን 57 አካባቢ፣ ካለፈው አመት ተመሳሳይ ወራት በ50 በመቶ የበለጠ፣ ወጣቶቹ ላይ ደግሞ የባሰ። የጤና ሚኒስትሩ ቴድ ሄርቦሳ ብሄራዊ የጤና አደጋ ይታወጅ እስከማለት ደረሱ። በነገራችን ላይ እዚህ ላይ ህጉ የተሻለ ነው፣ በ2018 የወጣው የኤችአይቪ ህግ የ15 አመት ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መመርመር ይችላል ይላል። ማለት የ15 አመት ልጅ ብቻዋን ሄዳ ቫይረሱ አለብሽ መባል ትችላለች፣ እርግዝና መከላከያ ለመውሰድ ግን እናቷን ይዛ መምጣት አለባት።

ፖድካስቱና አምዱ ስንት ሰው እንደደረሱ እኔም አደንቃለሁ፣ ግን የማይደርሱትንም መቁጠር ያስፈልጋል። አብዛኛው የዚህ አይነት ትምህርት በእንግሊዘኛና በታጋሎግ ቅልቅል ነው፣ የሚሰማውም ከተማ ያለ፣ ኮሌጅ የበጠሰ፣ ዳታ መግዛት የሚችል ሰው ነው። የቢሮ ቴራፒ ደግሞ የባሰ ነው፣ ብዙው ማኒላ ውስጥ፣ በግል፣ በሰአት የሚከፈል። ሳማር ደሴት ላይ ያለች የ13 አመት ልጅ ማርጂ ሆምስንም አታውቅም ሪካ ክሩዝንም አታውቅም፣ የምታውቀው መምህሯንና የሰፈሯን አዋላጅ ነው። መምህሯ ምእራፉን ከዘለለባት፣ አዋላጇ ደግሞ ወላጅሽን አምጪ ካለቻት፣ ማኒላ ውስጥ የቱንም ያህል ጎበዝ ሴክስ ቴራፒስት ቢኖር ለሷ ምንም አይደለም።

ጁላይ 2025 ላይ አዲሱ ኮንግረስ ስራ ጀምሯል፣ በድሮው ያላለቀ ረቂቅ ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የሚቀርበው። እኔ የምጠብቀው ስለ ስርአተ ትምህርቱ የሚባለውን ትልቁን ክርክር ብቻ አይደለም፣ እሱ ጩኸት ይበዛበታል። ያቺ በ2014 የተሰረዘችው ትንሽ መስመር በሆነ መልክ ተመልሳ ትመጣ እንደሆነ ነው የማየው፣ አንዴ የወለደች ልጅ ያለ ፊርማ መከላከያ ታግኝ የምትለዋ። ለሷ ተቃራኒ ሆኖ ሊቆም የሚችል ምክንያት ብዙ ፈልጌ እስካሁን ያሳመነኝ አላገኘሁም።